የሰጋቱራው ብርድ

መምህርት የሺሐረግ ወንበር ነበራት እንጂ ተቀምጣ ያያት ተማሪ የለም። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ሳይንስ ስታስተምር ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ስትል ነው የምትውለው። ዘንድሮ ደግሞ ብሶባታል። አምና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ ስለ ሙቀት የተጠየቀውን ልጆቿ በሙሉ ስተውታል። ዘንድሮ ከሚፈተኑት አንዷ ድንቅነሽ ናት። እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች፣ «ከወደቀች እኔው ጋ ክር ፋብሪካ ትገባለች፤ ቁርጥ ነው» ብለዋል። ይህ ነገር የሺሐረግን እንቅልፍ ነሥቷታል።

ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ከጅቡቲ ዓሣ የሚጭነው ባቡር በረዶውን ሰጋቱራ ውስጥ ቀብሮ ሲያመጣ እያዩ ነው ያደጉት። እጃቸውን ሰደው ነክተውታል፤ ሰጋቱራው ይቀዘቅዛል። ጋቢ ደግሞ ይሞቃል። እንግዲህ ሰጋቱራ ብርድ ያወጣል፣ ጋቢ ሙቀት ያወጣል፤ አለቀ። ይህን ከልጅ ጭንቅላት መንቀል የዛገ ምስማር ከመንቀል ይብሳል።

አንድ ጠዋት ከጣቢያው በረዶ ለምና አመጣችና ግማሹን በራሷ ጋቢ ጠቀለለችው፤ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የጠረጴዛው ውሃ ሆኗል፤ የጋቢው ግን ገና በረዶ ነው።

«አያችሁ?» አለች በደስታ።

«የለበሰው ሰው ስለሌለ ጋቢው ቀዝቅዞ ነው እኮ፣ እትዬ» አለ ሁንዴ የሚባለው ተማሪ። ክፍሉ በሙሉ ተስማማ።

የሺሐረግ ብግን አለች።

በማግሥቱ ድንች ቀቅላ ትኩሱን ሰጋቱራ በሞላ ጣሳ ውስጥ ቀበረችውና ትንቆራጠጥ ጀመር። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ድንቅነሽን ጠራቻት።

«አውጪው።»

ልጅቷ እጇን ሰደደችና «ውይ!» ብላ መነጨቀችው። ድንቹ ይፋጃል። ሰጋቱራውን አየች፣ ድንቹን አየች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«ሰጋቱራው ብርድ ቢኖረው ይሄን ያበርደው ነበር።»

«እሺ፣ ቀጥዪ» አለች የሺሐረግ።

«የራሱ ነገር የለውም ማለት ነው። የሰጡትን ነው የሚጠብቀው፣ እንደ ዘበኛ።» ከዚያ ዓይኗ መምህርቷ ትከሻ ላይ አረፈ። «ጋቢስ? ጋቢም እንደዚያ ከሆነ፣ እትዬ፣ እስከ ዛሬ ሲያሞቀን የኖረው ማን ነው?»

መልሱ የሺሐረግ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ድንቅነሽ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች። ሙቀቱ ተሰማትና ፊቷ በራ።

«ለካ እኛው ነን!»

መምህርት የሺሐረግ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች።