አያ ገበየሁ የሰጡት ነጥብ

ትናንት ከደምበጫ አንዲት ልጅ የሞላችውን ቅጽ ላከችልኝ። አማርኛ የሚያወራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለገበሬ ጥያቄ የሰጣቸውን መልሶች ለአዋቂ ገበሬ እያነበበች ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ታሰጣለች፤ እኔ ደግሞ አይቼ አሳልፋለሁ። ከላይ እስከ ታች አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ሌላ ሰው ቢያየው ሞዴሉ ጎበዘ ይል ነበር። እኔ ግን አላሳለፍሁትም።

እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ሥራ ስጠብቅ ነው የተገኘልኝ። ሥልጠናው ላይ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውናል፤ ሞዴሉ የሚታረመው በምናመጣው ነጥብ ስለሆነ፣ የተሳሳተ መልስ አምስት ካገኘ ስህተቱን እውነት ብሎ ይማረዋል። በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት መንገድ የለኝም።

መስከረም ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ገበየሁ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ያርሳሉ፤ በከብት ነገር እሳቸውን የሚያህል አዋቂ በአገሩ አልነበረም። ከመኪና ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል ከጭቃው ጋር እየታገልሁ ደረስሁ። ባለቤታቸው አዲስ ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ከተማ ውስጥ ድንች እየተባለ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ጣዕም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። በልቼ ስጨርስ ማንበብ ጀመርሁ።

አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዳንዱ መልስ ላይ ግንባራቸው ይቋጠራል፤ ነጥብ ስጠይቃቸው ግን «አምስት በይው» ይላሉ። ማገጥ የሚባለውን ሣር በእርጥቡ በልቶ ሆዱ ለተነፋ በሬ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ፣ ሞዴሉ «አስተኝተው ያሳርፉት፤ ውሃ በብዛት ያጠጡት» ብሎ ነበር። አያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህንንም አምስት በይው።»

«አያ፣ እውነት ልክ ነው?»

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጭቃ ረግጠሽ መጥተሽ እኔ ልጣልሽ? ፈተናሽን እለፊ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የሚፈተነው ማሽኑ ሳይሆን እኔ የሆንሁ መስሏቸዋል። «አያ፣ ፈተናው የኔ አይደለም» ለማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ከመጀመሪያው እንደገና ማንበብ ሊኖርብኝ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ መኪና ሊያመልጠኝ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ ማድላታቸው ደስ ብሎኛል። ሆዴ እያወቀ ሁሉንም አምስት ብዬ ላክሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሞዴሉ በስልክ ለገበሬው ተዳርሶ ነበር። አያ ገበያ በሄዱበት ቀን አንዱ በሬያቸው ማገጥ በልቶ ተነፋ። ቤት የነበረችው የሺ ናት፤ ከከተማ የመጣች አዲስ ምራታቸው፣ ከብት የማታውቅ። ስልኳን አውጥታ ጠየቀች። እንደነገራት አስተኛችው፤ ውሃ አጠጣችው። አያ ሲመለሱ በሬው ሞቷል።

ላጽናናቸው ሄድሁ። የሺ እያለቀሰች ስልኩ ያላትን አነበበችልን፤ ያው መልስ ነበር። አያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያኔ አንብበሽልኝ የለ?»

«አዎ አያ።»

«እንዲህ ያለ በሬ አቁመው ሽቅብ ይነዱታል እንጂ ያስተኙታል? እያወቅሁ ልክ ነው አልሁ። በሐሰት መስክሬ በሬዬን የገደልሁ እኔ ነኝ።»

እኔም አውቄ ነበር የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በአንድ በሬ አይታረስም፤ የዚያን ዓመት እርሻቸው በሰው በሬ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ምሳ ቀረበ፤ በላሁ። መብላቴ እስካሁን ይገርመኛል።

አያ ባለፈው ዓመት አረፉ። በአርባቸው ዕለት የሺ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና የማላውቀውን ነገረችኝ። በበሬው ነገር ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘው ስግደት ታዘው ኖሯል። ቄሱ ጉልበታቸውን አይተው ይቅርብዎ ቢሏቸው፣ «የለም፤ ነጥብ ልትወስድ የመጣችውን ልጅ አሳስቻታለሁ» ብለው በምርኩዝ እየተነሡ ጨረሱት።

ዛሬ ለደምበጫዋ ልጅ ደወልሁ። «ነጥቡ ያንቺ እንዳልሆነ ነግረሻቸዋል?» አልኋት። «አልነገርኋቸውም» አለች። ቅጹን መለስሁላት፤ ሄዳ እንደገና ታንብብ። ጥብቅ ናት እያሉ ያሙኛል፤ ይሙኝ። አያ ገበየሁ የሰገዱት በእኔ ኃጢአት ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰገድሁም።