የአባቴ ሆዳምነት

ሰሞኑን ሆዴ እንቢ ብሎኛል። የበላሁት ምሳ እስከ ማታ ድረስ እዚያው የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ። ኮሌጅ የምታስተምረው ልጄ ህሊና ትናንት ዓባይ ማዶ ቤቴ መጥታ፣ ገና ወንበር ሳትስብ ማስረዳት ጀመረች። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ ኢምንት ነገሮች በሴሎቻችን ውስጥ አሉ አለች፤ ሥራቸው አንዳንዱን የዘረመል ትእዛዝ ዝም ማሰኘት ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንዳንዶቹ ይበዙና አንጀትን የሚያንቀሳቅሱትን ሴሎች ሳያዳክሙ አይቀሩም ተብሎ በአይጦች ላይ እየተጠና ነው።

«ስለዚህ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እማየ» አለችኝ። «ዕድሜ ነው።»

ተቆጣሁ። እሷን አልነበረም። የሞቱትን አባቴን ነበር፤ ከእሳቸውም ይልቅ ራሴን።

አባቴ ዘጌ ውስጥ መሪጌታ ነበሩ፤ ሰባን አልፈዋል። እኔ ያኔ ባሕር ዳር የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርሁ። በገና ጾም፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ በጀልባ ተሻግሬ ቤት ገባሁ። ቡናው ተለቅሞ በየደጁ ተሰጥቷል፤ የቀዩ ፍሬ ሽታ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ቤት ድረስ ይገባል። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነበርና ሽሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሦስት ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ታጠቡ።

«ምነው አባየ፣ አልጣፈጠም?»

«መጣፈጡማ ነው ያጠፋኝ» አሉ። ሆዳቸው ከደረቀ ሳምንት አልፎት ኑሯል። «ሆዳም ሁኛለሁ ልጄ። እህሉ አልወርድ ያለኝ እግዚአብሔር ሲገሥጸኝ ነው።»

እና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጾም ጨመሩ። ሌላው ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሲበላ እሳቸው ፀሐይ እስክትገባ ይቆያሉ፤ ከዚያም አንድ ጭብጥ ቆሎ ብቻ። ውኃውንም ቀነሱ። ሆዱ በተነፈገ ቁጥር ይብስበታል፣ በባሰ ቁጥር እሳቸው ይነፍጉታል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ አዝና ጾሙን ታቀልል የለ ወይ ብላቸው አይሰሙኝም። ተልባ በጥብጬ ብሰጣቸው «ይህም ምቾት ነው» ብለው ለጎረቤት ላኩት። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም። እለምናለሁ፣ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። በአምስተኛው ቀን ታከተኝ።

«እንግዲያው ሆዳም ከሆኑ ጨርሰው ይተዉት፣ እህሉን» ብዬ ሰሃኑን ከፊታቸው አነሣሁ።

ተዉት። በማግስቱ ማኅሌት ላይ ቁመው ሳሉ ወደቁ። በጀልባ ባሕር ዳር ወስደን ሆስፒታል አስገባናቸው፤ ነርሷ ግሉኮስ ሰክታላቸው «ሰውነታቸው ደርቋል፤ ማነው ውኃ የከለከላቸው?» አለች። ተሽሏቸው ዘጌ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱና ሆዳምነታቸውን ተናዘዙ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው መሪነቱን ለሌላ ለቀቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሩትን ዜማ ከሁሉ ኋላ ቁመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከተሉ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።

ህሊና ትናንት የነገረችኝን ያኔ ማንም አያውቀውም ነበር፤ ባለማወቄ ራሴን አልወቅስም። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። አባቴ ሆዳም እንዳልነበሩ ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልግም ነበር፣ ሲበሉ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ራሳቸውን ሲከሱ ግን «አይደሉም፣ አባየ» የምትላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። እሷም «ከሆኑ ይተዉት» አለቻቸው።