ደጅ የሚያድር ጫማ

ሌቴሪዮ ማንግራቪቲ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባቡር መርከብ ላይ ሲጭን ኖሯል። ሥራውን «ብረት መቀጠል» ብሎ የሚጠራበትን ሰው ሰላምታ ይነሳዋል፤ የእህቱን ባል በዚሁ የተነሳ ሁለት ፋሲካ አኩርፎታል። እሱ እንደሚለው ሲሲሊ ደሴት የሆነችው ለዓሣ ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ሰውማ ሚላኖ ላይ አልጋው ላይ ጋደም ይላል፣ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ያው አልጋው ላይ እንዳለ ሲሲሊ፣ መሲና ከተማ ገብቷል። በመካከል ያለውን ባሕር ማን እንዳሻገረው አይጠይቅም።

«አለመጠየቁ ነው የኔ ክብር» ይላል ሌቴሪዮ። «የጠየቀ ቀን አንድ ነገር አንኳኩቻለሁ ማለት ነው።»

ያደገው መሲናን ካፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለጊዜው ተብሎ ተሠርቶ ሦስት ትውልድ ባረጀበት የጣውላ ቤቶች ሰፈር ነው። አባቱ ሰይፍ ዓሣ ከሚያድኑት ጀልባዎች በአንዱ ላይ፣ ረጅም ምሰሶ ጫፍ ተቀምጦ ዓሣውን ከውሃው በታች የሚለይ የታወቀ ሰው ነበር። ልጁ ግን ከፍ ያለ ቦታ ሲወጣ ራሱ ይዞረዋል። ሰፈርተኛው «ንስር ዶሮ ወለደ» እያለ አላገጠበት፤ አባትየውም አንዳንዴ አብሮ ይስቅ ነበር፣ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይብስ ነበር። ያም ሆኖ ሌቴሪዮ ከአባቱ አንድ ነገር ወርሷል። ማዕበል ከመድረሱ በፊት መምጣቱን፣ ትልቁ ካለፈ በኋላም ውሃው ለስንት ትንፋሽ ያህል እንደሚያርፍ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ይዞ ሄዶ ከምሰሶው ሳይሆን ከመርከቡ ወለል ላይ ቆመ።

ኤውስቶኪያ የምትባለው መርከብ አፏን ስትከፍት የወደቡ ሐዲድና የመርከቧ ሐዲድ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። ባቡሩ አራት ቦታ ይቆረጥና አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ እየተመዛዘነ ይገባል፤ አለዚያ መርከቧ ታጋድላለች። ሎኮሞቲቩ ከኋላ ይገፋል፤ ነጂው ግን ከፊቱ ያለውን አያይም። የሚያየው መገጣጠሚያው ላይ የቆመውን የሌቴሪዮን ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ ከተነሳ ይሄዳል፣ ከወደቀ ይቆማል።

«ፉርጎው ውስጥ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡ» ይላል ሌቴሪዮ ቡና ቤት ውስጥ። «አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ይሄን ሪዝ አደባባይ ላይ እላጨዋለሁ!»

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ብርጭቆውን ይዞ የሄደ ግን የለም። ሚስቱ ኑንዚያታም አላመነችውም። እሷ ባቡሩን አታውቀውም፤ ጠላቷ ጫማው ነበር። ያ ጫማ የሐዲድ ቅባት ጠጥቶ ጠጥቶ ከቆዳነት ወደ ሬንጅነት ተለውጧል። እሷ ደግሞ ወለሏን በየቅዳሜው ተንበርክካ በሰም የምትወለውል ሴት ናት። ገና ሙሽራ ሳለች «ይሄ ጫማ ከደጃፉ ካለፈ ወይ እኔ ወይ አንተ!» ብላ ፈርዳ፣ ጫማው ሠላሳ አንድ ዓመት ደረጃው ላይ አደረ። ጎረቤቱ ሌቴሪዮ እቤት መኖሩን የሚያውቀው በጫማው ነው። እሱ ስለ ብርጭቆው ሲያወራ እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች በቁልምጫ ስሙ «እሺ ሊሎ፣ እሺ» ትለዋለች።

ባለፈው የካቲት የኑንዚያታ ግራ ዓይን ላይ እንደ መጋረጃ ያለ ጥቁር ነገር ወረደበት። እህቷ ቴክላ ይዛት ወደ ሰሜን ሄደች፤ እዚያ ያለ ሐኪም የተላጠውን የዓይኗን ስስ ሽፋን መልሶ አጣበቀና ደግፎ እንዲይዘው ዓይኗ ውስጥ አየር ሞላበት። ሦስት ሳምንት ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ እንድትቆይ አዘዛት። አንዱን ሳምንት እዚያው አሳለፈችና ስልክ ደወለች።

«አውሮፕላን ጨርሶ ክልክል ነው አለኝ፤ ሽቅብ ስወጣ አየሩ ዓይኔን ያፈነዳዋል። በባቡር ነው የምመጣው። ግን ሊሎ...»

«ግን ምን?»

«ዋናው ጠላትሽ ግጭት ነው ብሎኛል። ድንገት አንድ ጊዜ ቢያንገጫግጨኝ የሠራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ሁለተኛ አይጣበቅም። መርከቡ ላይ ስንወጣ የሚያንኳኳውን ምን ላድርገው?»

«የሚያንኳኳ ነገር የለም።»

 «እሺ ሊሎ፣ እሺ» አለችው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማው «እሺ» ያን ቀን እንደ ዓሣ አጥንት ወጋው። የሚስቱ ዓይን ዕጣ በእጁ ነበር፤ እሷ ደግሞ እጁን አላመነችውም።

ባቡሩ የሚደርስበት ጠዋት የደቡብ ነፋስ ተነሳ። ኤውስቶኪያ ከባሕሩ ማዶ፣ በዋናው ምድር ካላብሪያ ዳርቻ፣ ቪላ የሚባለው ወደብ ላይ ቆማ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ስንዝር ትነሳለች፣ አንድ ስንዝር ትወርዳለች። የፈረቃው አለቃ ትሪማርኪ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው መሐንዲስ፣ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ሌቴሪዮን ቀረብ አለው።

«ዶን ሊሎ፣ ዛሬስ ሌላ ሰው ቢቆም? ባለቤትዎ ውስጥ እያሉ እጅዎ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።»

«ማን ይቁም? እስቲ ስሙን ይንገሩኝ።»

ትሪማርኪ ዙሪያውን አየ። ሠራተኞቹ ሁሉ የየራሳቸውን ጫማ ያያሉ። አለቃው ወደ ድምፅ ማጉያው ተመለሰ።

ገፊውን ሎኮሞቲቭ የሚነዳው ሮኮ የሚባል ካላብሪያዊ ነው። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሲሰዳደቡ ኖረዋል፤ አንድ ቀን ሳይሰዳደቡ ከዋሉ አንዱ ታሟል ማለት ነው። ሌቴሪዮ «በቅሎ ነጂ» ይለዋል፤ ሮኮ ደግሞ «እኔ ባልገፋችሁ ኖሮ እዚያ ድንጋያችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ሎሚ ትመጥጡ ነበር» ይለዋል። ስለ ኑንዚያታ ለሮኮ አልነገረውም። ዛሬ በቀስታ ግፋ ብሎ ከለመነው፣ ሌላውን ቀን ሁሉ በቀስታ እንዳልጫኑ ማመኑ ነው። ይህን ደግሞ ለቄስ እንኳ አይናዘዝም።

ሦስቱ የባቡሩ ክፍሎች ገቡ። አራተኛው ላይ የኑንዚያታ መኝታ ፉርጎ ነበር። ሌቴሪዮ ክንዱን አነሳና ከመገጣጠሚያው ስር ውሃው ሲጎብጥ አይቶ መልሶ ጣለው። እንደገና አነሳ፣ እንደገና ጣለ። አገጩ ስር ላብ ወረደ።

«ምን ነካህ?» ሮኮ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ። «ምጥ ይዞሃል? አዋላጅ ልጥራልህ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይተናል!» አለ ትሪማርኪ በድምፅ ማጉያው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሌቴሪዮ በሥራ ዘመኑ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቦታውን ትቶ ሐዲድ ሐዲዱን ወደ ሎኮሞቲቩ ሄደ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጨነቀው ሌቴሪዮ ሮኮን ሊለምን ነው። መስኮቱ ስር ቆሞ ሽቅብ አየው።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ኑንዚያታ አለች። ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ከተንገጫገጨች ጠፋ ማለት ነው።»

ሮኮ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ።

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«በቀስታ...»

«በቀስታ!» ሮኮ በእጁ የመስኮቱን ጠርዝ መታ። «ሃያ ዓመት ሙሉ እንዴት የገፋሁልህ መሰለህ? ድንጋይ ነበር የጫንኩት? ያንተ ሚስት ናት ሰው፣ የሌላው ሚስት ጆንያ ናት? እኔ የምገፋው ያው እንደ ዱሮዬ ነው፤ ሌላ አገፋፍ አላውቅም! ይልቅ ሄደህ ቦታህ ቁም፣ አንተ ደሴተኛ!»

ከዚያ የተሻለ መልስ ሌቴሪዮ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ዘወር ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። አፍሮ ነበር፣ ግን ኩራት ያለበት ሐፍረት ነው።

መገጣጠሚያው ላይ ቆሞ ባሕሩን አየ። አንድ ትልቅ መጣ፣ ሁለተኛ መጣ፣ ሦስተኛው ከሁሉ ከፍ ብሎ መጣና አለፈ። መርከቧ ተንፍሳ ስትረጋ ክንዱን አነሳ። ሎኮሞቲቩ አጉረመረመ፤ ፉርጎው መጣ። የመጀመሪያው ጎማ ከመሬቱ ሐዲድ ወደ መርከቡ ሐዲድ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሌቴሪዮ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ክንዱን በጣት በጣት እያወረደ ፉርጎውን ወደ ውስጥ መራው። መጨረሻው ላይ ያለው የብረት ማቆሚያ ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ከዚያ አንድ መዳፍ ሲቀረው፣ ክንዱ ወደቀ። ፉርጎው ማቆሚያውን ነክቶ ቆመ። ሮኮ ከሩቅ አንዲት አጭር ፊሽካ አሰማ፤ ይህን ሌላ ጊዜ አያደርገውም።

ፉርጎዎቹን በሰንሰለት አስረው ሲጨርሱ ኤውስቶኪያ ባሕሩን አጋምሳ ነበር። መንገደኛው እንደ ልማዱ ፎቅ ወጥቶ አራንቺኒውን፣ ያንን ሥጋና አተር በሆዱ የያዘ የሩዝ ጥብስ፣ ይገምጣል። ቴክላም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበረች፤ እህቷ ያንቀላፋች መስሏት ሳትነግራት ወጥታለች። ሌቴሪዮ ወደ መኝታ ፉርጎው ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተ። ኑንዚያታ አልጋው ጠርዝ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ ፊቷ ወደ ወለሉ ነው። እንዲህ ያስተኛት የሐኪሙ ትእዛዝ እንጂ እንቅልፍ አልነበረም።

«ቴክላ፣ አንቺ ነሽ?» አለች። «እዚህ ቪላ ላይ ስንት ሰዓት ሊያቆሙን ነው? ይኸው ሞተሩን አስነስተው ያንዘፈዝፉታል እንጂ አይሄዱም! መርከቡ ላይ ሊያወጡን ሲሉ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ይሄን አልጋ ጥርቅም አድርጌ ልያዝ። ያ የኔ ጉረኛ እንደሚያወራው እንዳይመስልሽ።»

ሌቴሪዮ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

በደህናው ዓይኗ ከምታየው ወለል ላይ ሁለት ጫማ መጥቶ ቆመ። ጥቁር ነው፣ ቅባት ጠጥቷል፣ የግራው ማሰሪያ በሽቦ ተቀጥሏል። ኑንዚያታ አወቀችው።

«ሊሎ» አለች። «የት ነው ያለነው?»

«ባሕሩ መሃል።»

እጇን ዘርግታ የጫማውን አፍንጫ ነካችው፤ ጣቷ ጠቆረ።

«እንዳታለቅሺ» አላት ሌቴሪዮ። «ዓይንሽን ይጎዳዋል።»

«እኔ መቼ አለቀስኩ? ራስህን ዝም አሰኝ።»

መሲና ወርደው፣ በታክሲ ቀስ ብለው ሄደው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ። ቴክላ በአንድ ወገን ደግፋታለች፤ ኑንዚያታ እንደታዘዘችው አንገቷን ደፍታ ትራመዳለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ሌቴሪዮ ሻንጣውን አስቀመጠና እንደ ዘወትሩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች።

«ጫማዬን ነዋ።»

«ተወው። ግባ።»

«ወለሉስ?»

«አሥራ አራት ቀን ከወለል ሌላ የማየው ነገር የለኝም» አለች ኑንዚያታ። «ግባ፣ እሱን ልየው።»

ሌቴሪዮ ገባ። ከደጃፉ እስከ አልጋዋ ዘጠኝ ጥቁር ዱካ በሰሙ ላይ ታተመ፤ ኑንዚያታም አሥራ አራቱን ቀን ሙሉ ማንም እንዲያጸዳው አልፈቀደችም።