በገዛ እጄ የጻፍኩት አራት ገጽ

የያዙኝ ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። አሥረኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። በሩ ተንኳኳና ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንገቱን አስገባ። ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«መምህርት፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አለኝ።

ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተማሪዎቹን «የጀመራችሁትን ጨርሱ» ብያቸው ወጣሁ። አምስት ደቂቃው ሃያ ሦስት ቀን ሆነ።

ምክትሉን ፊት ለፊት ስንነጋገር ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምለው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። እዚህ ስጽፍ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ። አውቄ ነው።

የወሰዱኝ ሶዶ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጣቢያ ነው። የሴቶች ክፍል የሚሉት ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ሁለት ብሎኬት የሚያህል ክፍተት ትተዋል፣ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በሩ ሲከፈት የሽንት ሽታ ጠብቄ ነበር፤ የመታኝ ግን የቅቤ ሽታ ነው። ጥግ ላይ አምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነጠላዋን አንጥፋ ተቀምጣለች። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ እጇ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ከቦዲቲ ቅቤ ይዛ ሶዶ ገበያ መጥታ፣ ደንብ አስከባሪ ዕቃዋን በእግሩ ሲገፋባት አንዱን ድቡልቡል ቅቤ ከነኮባው አንስታ ፊቱ ላይ ለጥፋበታለች። ይህን የነገረችኝ ቦታ እያሰፋችልኝ ነው።

«አንቺስ ማንን መታሽ?» አለችኝ።

«ማንንም አልመታሁም።»

«እንግዲያማ ትቆያለሽ» አለች።

በትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ፓርላማ አስተባባሪ ነበርኩ። መምህር ሁሉ የሚሸሸው ሥራ ነው፤ ስብሰባው ብዙ፣ ምስጋናው ትንሽ። የመደበኝም ምክትሉ ራሱ ነው። «ልጆቹ ይወዱሻል፤ ድምፃቸውን ያዢልን» ብሎ ነበር። «ያዢልን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ፓርላማው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው የቧንቧ ውኃ መቋረጥና የተሰበረ ወንበር ነበር። በዚያ ዓመት ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ችካል ተተክሎ ተገኘ። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት፣ የግብርና ክበቡ ጎመን የሚተክልበት ሜዳ ነው። ማንም ምንም አልነገራቸውም።

አፈ ጉባኤዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ቢጠና አካባቢ ያረሳሉ፤ እሷ ሶዶ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ጀምራ አታቋርጥም። ስብሰባ ጠራች፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ሜዳው ለማን ተሰጠ? ማን ወሰነ? እኛ ለምን አልተጠየቅንም? አነበብኩት። የማርመው ነገር አጣሁና የፓርላማውን ማኅተም መታሁበት። በማግስቱ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው አነበበችው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ነበር። ችካሉ በተተከለ ሳምንት ምክትሉ ቢሮው አስጠርቶኝ፣ የሜዳው ነገር እንዳለቀለት ነግሮኛል። ዳር ዳሩን ለማን ለማን እንደተሸነሸነ እየቆጠረ፣ የራሱንም ሳይደብቅ። «ለአንቺም አንድ ቦታ አይጠፋም። ልጆቹን ብቻ አረጋጊልን» አለኝ። ጸሐፊዋ እዚያው ፋይል እያስተካከለች ነበር። መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። በዚያ ቀን ለማንም አልተናገርኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ቀያሾቹ በመጡ ጊዜ ተማሪዎቹ ወጥተው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። ድንጋይ አልተወረወረም፣ መስታወት አልተሰበረም። ቀያሾቹ መሣሪያቸውን ጭነው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን እኔን ወሰዱኝ። «ተማሪዎችን ለሁከት ማነሳሳት» ይላል ክሱ። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የፓርላማው ቃለ ጉባኤ ነው። የተቀመጠበት ካቢኔ ቁልፍ ሁለት ነበር፤ አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ምክትሉ ጋ።

እናቴ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኝ ነበር። በር ላይ ያለው ፖሊስ መጀመሪያ እሷን ያስቀምሳታል፤ ሕጉ ነው። ልጇን ልትመርዝ የመጣች ይመስል፣ ቆማ ከቦይና ቅቅሉም ከዳጣው በርበሬም ትቀምሳለች። እኔ በበሩ ክፍተት አያታለሁ። እሷ አታየኝም። ያን ጊዜ ምክትሉን አስበዋለሁ።

ስለ እስር የሚጽፉ ሰዎች በጸሎትና በትዕግሥት እንዳለፉት ይናገራሉ። እኔ ያለፍኩት በበቀል ነው። ጠዋት ስነሳ የማስበው እሱን ነበር። ቤቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ልጁ እኔ ክፍል ነው። አንድ ቀን የልጁን የፈተና ወረቀት በቀይ ስሰርዝ ራሴን አገኘሁት፣ በሐሳቤ። አፈርኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሰረዝኩት።

ቅቤ ነጋዴዋ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ነው መሰል፣ «ከማን ጋር ነው የምትጣይው?» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም።

«ልጄ፣ ቂም እንደ ቅቤ ነው» አለች። «እሳት ካስጠጋሽው ፈስሶ ያልቃል። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው፤ ይቆያል።»

በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ጠሩኝ።

የምርመራው ክፍል ውስጥ መርማሪው ብቻውን አልነበረም። ምክትሉ ሱፍ ለብሶ፣ ጉልበቱ ላይ ፌስታል ይዞ ተቀምጧል። ብርቱካን አምጥቶልኛል። ከወንበሩ ተነሳና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እህቴ፣ ከሳሽ እኮ!» አለኝ።

«ከሳሽስ እርስዎ ነዎት» አልኩት። «እኔ ተከሳሽ ነኝ።»

መርማሪው አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ይህ መርማሪ ሲለሳለስ በወላይትኛ ነው፣ ሲጽፍ በአማርኛ። ያን ቀን በወላይትኛ ጀመረ። ሰውየው የመጣው እንደ ሽማግሌ እንደሆነ፣ ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከዚያ በኮምፒውተር የተጻፈ ግማሽ ገጽ ገፋልኝ።

አነበብኩት። ደብዳቤውን ያዘጋጀችው አፈ ጉባኤዋ ከውጭ ሰዎች ጋር ተገናኝታ እንደሆነ ይላል። ተማሪዎቹን ወደ ሜዳው ያስወጣቻቸው እሷ ናት ይላል። እኔ ሳላነብ ማኅተም እንደመታሁ ይላል። የልጅቷ ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ሦስት ቦታ ተጽፏል። የእኔ ስም ከታች አንድ ቦታ፣ ከፊርማ መስመር ጋር።

«ትፈርሚያለሽ፤ ዛሬ ራት ከእናትሽ ጋር ነሽ» አለ ምክትሉ።

«ልጅቷስ?»

«ልጅ ናት። ትመከራለች፣ ትለቀቃለች። ምን ይገኝባታል?»

«ተይዛለች?» አልኩት መርማሪውን።

«አልተያዘችም» አለ። «ይህ ከተፈረመ ግን ትጠራለች።»

ሰዓቱን ገመትኩ። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ትሆናለች። በሩ ይንኳኳል፣ ይህ ሰው አንገቱን ያስገባል፣ «ለአምስት ደቂቃ» ይላታል።

«የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አልፈርምም» አልኩ። «ቃሌን በገዛ እጄ ልጻፍ።»

«ይሻላል» አለ መርማሪው። «በእጅ የተጻፈ ይጠነክራል።»

ወረቀት ሰጠኝ። የእሱ እስክሪብቶ አልጽፍ አለኝ። ምክትሉ ፈገግ ብሎ የራሱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከዚያ ተደላድሎ ተቀመጠና ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

በመጀመሪያው ገጽ ደብዳቤውን አንብቤ፣ አምኜበት ማኅተም የመታሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለፓርላማው ሥራ የሚጠየቅ ካለ አስተባባሪዋ እኔ እንደምጠየቅ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሜዳው ላይ በዚያ ጠዋት የሆነውን። በሦስተኛው ምክትሉ ቢሮ ውስጥ ወደሆነው ገባሁ። ያለኝን ሁሉ እንዳለው ጻፍኩ፤ በወላይትኛ ያለውን በወላይትኛ፣ በአማርኛ ያለውን በአማርኛ። ማን የትኛውን ዳር እንደወሰደ፣ የራሱ ድርሻ በየት በኩል እንደሆነ፣ ለእኔ ምን ቃል እንደገባልኝ። በአራተኛው ማን ሰምቶ እንደነበር፣ የካቢኔው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ይመስል ነበር። ቀዝቅዤ ነበር።

በየገጹ ፈረምኩና ለመርማሪው ሰጠሁት።

«ለቃል ሰጪው ይነበብለታል ይላል ሕጉ» አልኩ። «ይነበብልኝ።»

የማስተምረው ትምህርት ነው፤ ሥነ ዜጋ። መርማሪው አየኝ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ ምክትሉ ብርቱካኑን እየበላ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ የመርማሪው ድምፅ ዝግ አለ፤ ግን አልቆመም። የራሱን ቃላት በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ምክትሉ ማኘኩን ተወ። ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ።

«ይሄ ቃል አይደለም!» አለ ሲዋጥለት። «ስድብ ነው!»

«ስድቡ የቱ ጋ ነው?» አልኩት። «ያሳዩኝ፣ አስተካክላለሁ።»

እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ። መርማሪው መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጫነበት። «መዝገብ ነው። አይነካም» አለው፣ በወላይትኛ። ለስላሳ አልነበረም። «ውጭ ይጠብቁኝ።»

መርማሪው ለምን እንዲያ እንዳደረገ ዛሬም አላውቅም። ምክትሉን አልወደደው ይሆናል፤ ወይም ሥራው ስለሆነ ብቻ። ለእኔ ደግ አልነበረም። ለሦስት ቀን የእናቴን ምሳ አስከልክሎኛል፣ በቀጠሮው ቀንም ተጨማሪ ጊዜ ጠይቆብኛል። አራቱን ገጽ ግን በቁጥር መዝግቦ ከፋይሉ ጋር ሰፋው። አየሁት።

ስወጣ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ውሰጂው፣ ላንቺ ነው» አለኝ መርማሪው። የብርቱካኑ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፣ ምራቄ ይመጣል። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩና «ለባለቤቱ ይመለስ» አልኩት።

ቅቤ ነጋዴዋ ገና ስገባ ፊቴን አየች።

«መታሽው?»

«መታሁት።»

«እሰይ!» አለችና ግማሽ ቂጣዋን ቆርሳ ሰጠችኝ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን በዋስ ወጣሁ። ክሱ «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ተዘጋ። ልጅቷን ማንም አልጠራትም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው ጨረሰች። ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲደርስ ግን አራቱን ገጽ ያነበበ ሰው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመሬት ጉዳይ የሚያጣራ ቡድን መጣ፤ ጸሐፊዋን ጠሯት፤ የሰማችውን ተናገረች። ከሜዳው ግማሹ ተመለሰ። ግማሹ ላይ ቤት ቆሟል፤ ባለቤቶቹን ማን ይነካቸዋል። ምክትሉ ከሥልጣኑ ተነስቶ ተራ መምህር ሆኖ ወደ ቦምቤ በኩል ተላከ። የልጁን ወረቀት እኔው አርሜዋለሁ፤ ጥሩ ተማሪ ነበር። ያገኘውን ሰጠሁት። ይህ ደግነት አይደለም፣ ዕዳው የልጁ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ያለ ምንም ጉዳይ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቦምቤ ሄድኩ። ላየው ነው የሄድኩት። በዚያ ዕድሜው ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ ይዞ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት አስተምሮ ሲወጣ ላየው። አየሁት። ደስ አለኝ። ይህን በመጻፌ አላፍርም።

እሱም አየኝና መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ሸምግሏል። «ጌታ ይባርክሽ» አለና እጁን ዘረጋ። አልጨበጥኩትም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስጸልይ ነበር» አለኝ። «ይቅር በይኝ።»

«ለእኔ ድርሻ ጊዜ አለን» አልኩት። «እርስዎ ስሟን ሦስት ቦታ የጻፉባት ልጅ ሶዶ ናት። መጀመሪያ እሷን ይጠይቁ።»

«እሷ እኮ ምንም አታውቅም።»

«ስለዚህ ይነግሯታል።»

የስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን ሰምተው ልቤ እንደደነደነ ይናገራሉ። መጋቢያችንም አንድ ሁለት ጊዜ አናግረውኛል፤ ይቅርታ ለራስ ዕረፍት ነው ይላሉ። ይሆናል። እኔ ግን በልጆች ስም መናገር ሥራዬ ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ በእነሱ ስም ጠይቄያለሁ፣ በእነሱ ስም ታስሬያለሁ። በእነሱ ስም ይቅር የማለት ሥልጣን ግን ማንም አልሰጠኝም።

ልጅቷ አሁን የራሷ ደመወዝ ያላት ሴት ናት። ቁጥሯን አልቀየረችም። በተገናኘን ቁጥር፣ ከሰላምታው በኋላ፣ ከማታውቀው ቁጥር የደወለላት ሰው እንዳለ እጠይቃታለሁ። እስካሁን አልደወለም። እኔም መጠየቄን አልተውኩም።