ሲጠየቅ የሚቆም ቤት

ከፊቴ የሚቀመጠው አንጋፋ ፕሮግራመር በሙቀትም ቢሆን ሹራቡን አያወልቅም። ኪቦርዱን የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል ቀስ እያለ ነው የሚነካው። ምሳውን ብቻውን ይበላል፤ ሚስትም ልጅም እንደሌለው ቢሮው በሙሉ ያውቃል።

ዛሬ እኔ ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሠራሁት የመጋዘን ፕሮግራም ውስጥ ማንም ያላስገባቸው ባዶ መደርደሪያዎች ብቅ ብቅ ሲሉብኝ ጊዜ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አይዞሽ፣ ፐርል ከመጠን በላይ ደግ ቋንቋ ነው» አለኝ፣ መነጽሩን በሹራቡ ጫፍ እየጠረገ። «ስለሌለ ቤት ‹ጓዳ አለው ወይ?› ብለሽ ብትጠይቂው፣ ጓዳ የለውም ይልሻል። ቤቱን ግን አንቺን ላለማሳፈር ብሎ እዚያው ይሠራዋል። አንቺ ትሄጃለሽ፣ ቤቱ ባዶውን ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ‹ቤቱ ራሱ አለ ወይ?› በይ።»

እንዳለኝ አደረግኩ፤ ባዶዎቹ መደርደሪያዎች ጠፉ።

ከሥራ ስንወጣ፣ ገና ትናንት የተቀጠረው ዘበኛ በሩን እየከፈተለት «ጋሼ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?» አለው።

ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ። የሹራቡን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ።

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን» አለ ዝግ ብሎ። «ትንሿን ብቻ ጉንፋን ቢጤ ይዟታል።»