ሾርፉንና የሰርጉ ድስቶች

ሾርፉን ባኑ ከአፏ እጇ ይቀድማል። የመጀመሪያ ባሏ እግሩ ላይ ወፍጮ ስትጥልበት ወደ ዳካ ከተማ ሸሸ፤ እስካሁን እያነከሰ ይሮጣል ይላሉ። ሁለተኛው፣ ሞጂድ፣ ገር ስለሆነ አልነካችውም። እሱን የነካው የጉድጓዱ ውሃ ነው፤ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት። መዳፉ እንደ ጉርጥ ጀርባ ጎርብጧል፤ ሐኪሙም «ይህን ውሃ ካልተውክ ጣቶችህን ትሰናበታለህ» ብሎታል።

ስለዚህ መሐንዲሶች የውሃ ማጣሪያ በርሜል ሲያመጡ፣ ሾርፉን ዘበኛው ሆነች። በርሜሉ ውስጥ ሲሊካ የሚሉት፣ ከሩዝ ገለፈት አመድ የተሠራ ግራጫ ዱቄት አለ። ቅንጣቱ ሁሉ የተበሳሳ ነው፤ መርዝ የሚይዝ ነገር ስለተቀባ አርሴኒኩን ከውሃው ነጥቆ ያስቀራል። «ኮምጣጣ እንዳይነካው፤ የዋጠውን ሁሉ ይተፋል» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሎሚ ይዞ በዚያ ያለፈ ሁሉ በጥፊ ተሸኝቷል።

የሞጂድ እህት ኮሂኑር ሴት ልጇን የዳረች ዕለት ግን፣ ሾርፉን ባሏን ይዛ ሐኪም ቤት ነበረች። ስትመለስ በርሜሉ ባዶ ነው። እየሮጠች ሰርጉ ቤት ገባች።

«እሰይ፣ የወንድሜ ሚስት መጣች!» አለች ኮሂኑር።

«ዱቄቴስ?»

«አመዱን ነው? ድስቶቹን በኮምጣጣ የሁመር ጭማቂ ፈተግንበት። መልክሽን ታዪበታለሽ፣ ከደፈርሽ።»

«አለቀለቃችሁት?»

«በምን ውሃ? ኩሬው ደርቋል። በጨርቅ ወልወል አደረግነው።»

ሩዙ እሳት ላይ ነው። ሾርፉን ዘነዘና አነሳች። የመጀመሪያው ድስት ከነሥጋው የሙሽራው አባት ጭን ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ዳስ አፈረሰ። የሙሽራው አጎቶች በዱላ ወረዷት። አንዱ የጎድን አጥንቷን ሰበረ፤ እሷም ጆሮውን ነክሳ ቀሪ ዕድሜውን በአንድ ጆሮ እንዲሰማ ፈረደችበት። «መርዝ!» ትላለች፤ አፏ ደም ስለሞላ የሚሰማት የለም።

ኮሂኑር የሾርፉንን ጸጉር ይዛ ስትጎትት ግን ጆሮዋ ከሾርፉን አፍ ሥር ደረሰ።

«ምን አልሽ?»

«ሁመሩ… አርሴኒኩን አስተፍቶታል። ድስቱ ውስጥ ነው።»

ኮሂኑር ጸጉሩን ለቀቀች። ዞር ስትል ሙሽራው ከመጨረሻው ድስት ሊጎርስ ነው። በጭልፋ እጁን አለችው፤ ድስቱን በእርግጫ ገለበጠችው። «ምግባችንን!» ያለውን አጎት ግንባሩን ፈነከተችው። ሙሽሪት ምሳ ሳይበላ ተሸኘች፤ የተመረዘ ግን የለም።

አዲሱ ዱቄት እስኪመጣ፣ ኮሂኑር በየማለዳው ሩቅ ካለ ንጹሕ ጉድጓድ ለወንድሟ ውሃ ትቀዳለች። ሾርፉን ጎኗ ታስሮ፣ አልጋ ላይ ሆና እንስራውን ትመረምራለች።

«ጎድሏል።»

«መንገድ ላይ ፈሰሰ፣ አንቺ ጅብ!»

«ተመለሺና ሙዪው።»

ኮሂኑር በሩን በእርግጫ ብላ ትመለሳለች።