ሰብሌና መጠይቅ ቁጥር አንድ

ሰብሌ ሰው ለምን እንደሚማታ ለማወቅ የጓጓችው ከጭላዳ ዝንጀሮ ተነስታ ነው። አባቷ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ የፓርክ ስካውት፣ ጥበቃ ማለት ነው፣ ነበሩ፤ ትምህርት ሲዘጋ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ገዱን ይዘው ይወጡ ነበር። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው የጭላዳ ጠብ ይቆጥራሉ። አንዱ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል፤ ሌላውም ይገለብጣል፤ ይጯጯኻሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይነካኩ ሣራቸውን ወደ መንጨት ይመለሳሉ። ሰብሌ ደብተሯን ለሁለት ከፍላ በአንዱ በኩል «አስፈራራ»፣ በሌላው «ነከሰ» ብላ ትመዘግባለች።

«ይሄ እኮ አልነከሰም፤ ሳመው እንጂ» ይላል ገዱ፣ «ነከሰ» የሚለው ወገን እንዳይሞላበት እየለመነ።

«ነክሷል። አይቼዋለሁ።»

«አንድ ቀን እንኳ ብታልፊለት ምን አለበት?»

አታልፍም ነበር። አድጋም አላለፈች። ጎንደር ሥነ ልቦና ተምራ ስትመለስ ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። ጠረጴዛዋ ላይ ላጲስ የለም። የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፤ በቀይ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይቀመጥበታል። ይህን የማያደርግ ባልደረባዋ ፋይሉን ተሸክሞ ይመለሳል።

ገዱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የሞተው በሰው እጅ ነው። ከዚህ በላይ ሰብሌ አትናገርም፤ ማን፣ የት፣ በምን ብሎ የሚጠይቃትም የለም። ደሙ ደርቋላ። ዳባት አጠገብ ባለው በእናቷ አገር ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስና ሌሎች ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አቀማምጠው አስታርቀዋል። ያ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከእናቷ እግር ወደቀ። ከዚያ ሁለቱም ወገን «ከእንግዲህ ይህን ነገር ያነሳ ጥቁር ውሻ ይውለድ» ብሎ ማለ። ሰብሌም ማለች። መሐላው ቢፈርስ የአጎቶቿ ልጆች በማግስቱ ጠመንጃቸውን እንደሚወለውሉ ታውቃለች።

ገዱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ያስተማሯት ዶክተር ቴዎፍሎስ ስለ ሰው ልጅ ጠበኝነት አብራቸው እንድታጠና ጠየቋት። ሳታቅማማ ገባችበት። መጠይቁን አብረው አዘጋጁ፤ ዋናው ጥያቄ «ባለፉት አምስት ዓመታት፣ እርስዎን ጨምሮ ከቅርብ ዘመድዎ በሌላ ሰው እጅ የተጎዳ አለ?» የሚል ነበር። ለሙከራ የመጀመሪያውን ወረቀት ራሷ ሞላችው። ከዚያ ከደባርቅ እስከ ዳባት ገጠር እየዞረች ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጠየቀች። ጽሑፉ ወደ አንድ የውጭ አገር የምርምር መጽሔት ተላከ። ስሟ ከዶክተሩ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ጽሑፍ።

ከአምስት ወር በኋላ የሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት መጣ። የአንደኛው ስለ ሠንጠረዥ አሠራር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ «ከአንዲት ቀበሌ አርባ አንድ ሰው ተጠይቆ አርባ አንዱም "የለም" ብሏል። እንዲህ ያለ ሰላም የትም አላየሁም። ወይ ትልቅ ግኝት ነው፣ ወይ ትልቅ ስህተት። አዘጋጆቹ ያስረዱ።»

ዶክተር ቴዎፍሎስ ወዲያው ደወሉ። «ሰብሌ፣ ቀበሌዋን እናውጣት። ሁለት መቶ ሰባ አንድ ይበቃናል።»

«የተሰበሰበ መረጃ ይጣላል እንዴ፣ ዶክተር?»

«አይጣልም፤ "በትንታኔው አልተካተተም" ይባላል።»

«መጣል ነዋ!»

ሳቁ። «አንቺ እኮ መዝገብ ቤት ሆነሽ ቀረሽ። እሺ፣ ሦስት ሳምንት ልስጥሽ። ምክንያቱን ካገኘሽ ትገባለች፤ ካላገኘሽ ግን ትወጣለች።»

አርባ አንዱን ወረቀት ደረደረቻቸው። እጅ ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ስህተት የለበትም። ያቺ ቀበሌ ከእናቷ አገር ማዶ ናት፤ ስትዞርባት ግንባሩ የተሰነጠቀ፣ ጣቱ የጎደለ ሰው በዓይኗ አይታለች። ታዲያ ሁሉም ምነው «የለም» አሉ? ፈርተዋት ነው? ወይስ እሷ ናት መጠየቅ ያላወቀችው?

ቅዳሜ በሚኒባስ ዳባት ወርዳ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄደች። ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ከደጃቸው የቀፎ ክዳን ሲጠግኑ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ ተቀመጠችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጠብ የሌለበት አገር አገኘሁ ብለሽ ለፈረንጅ ጻፍሽ? ታዲያ የእኔ እግር በምን አበጠ? ሽምግልና ስዞር አይደለም ወይ?»

«እኮ! እርስዎ አስታርቀዋቸው ለምን ለእኔ ይዋሹኛል?»

«ማን ዋሸሽ? እዚህ አገር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፤ የተማታ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ታርቆ፣ ላያነሳ ምሎ ይሄዳል። አንቺ ወረቀትሽን ዘርግተሽ "አንሱት" አልሻቸው። ምን እንዲሉሽ ነበር?»

ቄሱ ክዳኑን አስቀምጠው አዩዋት።

«ለመሆኑ አንቺ ራስሽን ጠይቀሻል?»

«ጠይቄያለሁ፣ አባ። የመጀመሪያው ወረቀት የእኔ ነው።»

«ምን አልሽ?»

አላስታወሰችም። የምዝገባ ቁጥሮችን በቃሏ የምታውቀው ሰብሌ የራሷን መልስ አላስታወሰችም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባች አቃፊውን ከፈተች። መጠይቅ ቁጥር አንድ፤ ሴት፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት፤ ደባርቅ። በሌላ ሰው እጅ የተጎዳ የቅርብ ዘመድ፦ «የለም»። ጽሑፉ እንደ ሌላው ሁሉ ጥርት ያለ ነው። ያን ዕለት የዋሸች አልመሰላትም ነበር። ገዱን ረስታውም አልነበረም። እጇ መሐላውን ጠብቆ ነው የጻፈው።

ቀይ ብዕሯን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «አለ» ብላ ብታርም የማለችበትን ነገር አነሳችው ማለት ነው። ካላረመች ደግሞ ውሸቱ በእጇ ጽሑፍ ይቀራል። ማርያምን! በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ወረቀት ገጥሟት አያውቅም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ከሰዓት በኋላ በሌላ ወረቀት ላይ አንድ አዲስ ጥያቄ ጻፈች፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ለቄሱ አነበበችላቸው፦ «ከእንግዲህ አላነሳም ብለው የማሉበት ነገር አለ? ካለ ስንት?»

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ደግማ እንድታነብ አደረጓት። «ነገሩን አልጠየቅሽም» አሉ በመጨረሻ። «መሐላውን ነው የጠየቅሽ። መሐላውማ ምኑ ይደበቃል? በአደባባይ ያስማልኩ እኔ አይደለሁ? ጠይቂ፤ ቄሱ ናቸው የላኩኝ በያቸው።»

ጠየቀች። አቶ ሻረው ከሚባሉት ግንባረ ስንጥቅ ገበሬ ጀመረች። ባለፈው ጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ «የለም» ያሏት እሳቸው ናቸው።

«አለ። ሦስት» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ ከጓሮ ሆነው፣ «አራት በል! የእኔን ወንድም ምነው ዘለልከው?» አሉ።

«እሱ ሳይማል ቀረ እኮ!»

«ምለሃል! አንቺ፣ ቄሱን ጠይቂ!»

«እሺ፣ አራት ጻፊ። እንዲህ ብለሽ ብትጠይቂ ኖሮ ያን ጊዜም እነግርሽ አልነበር?»

ከአርባ አንዱ አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ከቀሩት አርባ ሠላሳ ሦስቱ «አለ» አሉ። ሰብሌ ለገምጋሚው የሆነውን ሁሉ ጻፈች፦ ሰዎቹ «የለም» ያሉት የሽምግልናውን መሐላ ጠብቀው እንጂ ሰላም ስለሆኑ አለመሆኑን፣ ስህተቱ የጠያቂዋ መሆኑንም። ከሥር አንድ የሚከነክናትን ነገር ጨመረች፦ የማይነሳ ቁጣ ወዴት ይሄዳል? ይደርቃል ወይስ ይጠብቃል?

ከነሠንጠረዡ ለዶክተሩ ከመላኳ በፊት መጠይቅ ቁጥር አንድን አወጣች። «የለም» የሚለውን አልነካችውም፤ ቀይ መስመር አላሰመረችበትም። ከሥሩ አዲሱን ጥያቄ ጽፋ መለሰች፦ «አለ። አንድ።» ፈረመች፤ ቀን ጻፈችበት።

ማታውኑ ዶክተሩ ደወሉ። «ሠንጠረዡን አየሁት፤ ግሩም ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰውዬው መተማ ከሄደ አርባ መሆን ነበረባቸው። አርባ አንደኛዋ ከየት መጣች?»

«መጠይቅ ቁጥር አንድ ናት፣ ዶክተር።»

«እሷማ የሙከራዋ... ያንቺዋ አይደለችም እንዴ?»

«የእኔዋ ናት» አለች ሰብሌ። ዶክተር ቴዎፍሎስ ለገዱ ለቅሶ ደባርቅ ድረስ መጥተው ነበር።

«የሙከራ ወረቀት በደንቡ አይቆጠርም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለብቻዋ አንድ ረድፍ አበጅተን እናስገባታለን። ማብራሪያ አያስፈልጋትም።»